ፈተና የማይጠይቀው ግዴታ፦ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በጨርጨር ከተሞች

ጨርጨር ተዳፋት አገር ነው። ከአዋሽ በኩል የመጣ መኪና የሚኤሶን ቆላ ጨርሶ ሽቅብ መጠማዘዝ ሲጀምር ከግራም ከቀኝም የሚታየው እርከን ነው፤ ማሽላ፣ ጫት፣ ቡና፣ ደግሞ እርከን። ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራሮች መካከል ተቀምጣለች። ሂርናም፣ ገለምሶም፣ በደሳም የየራሳቸው ጋራ አላቸው። እንዲህ ባለ አገር አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ የሚሮጥበት ለጥ ያለ መሬት ትልቅ ሀብት ነው። ገበሬው ይፈልገዋል፤ ነጋዴው ይፈልገዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ይፈልገዋል። ትምህርት ቤቱም አጥብቆ ይፈልገዋል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ሰውነት ማጎልመሻ ይማር ይላልና። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ብዙ ነገር ሲሻርና ሲተካ ይህ ትምህርት ከፕሮግራሙ ሳይወጣ ኖሯል። ሜዳው፣ ኳሱና መምህሩ ግን ሁልጊዜ አብረውት አልነበሩም።

የአሰበ ተፈሪ አመሠራረት ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ጨርጨርን ያስተዳድሩ የነበሩት፣ በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው በመድፈኛ ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ሰው ነበሩ። አዲሲቱን የግዛቱን መዲና በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ ብለው አቋቋሙ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ መጡ። ወርቅነህ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ወደ ሕንድ ወስደው ያሳደጓቸው፣ በላሆር ሕክምና የተማሩ፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት የመሩ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ዘመን ጨርጨር ለሌላው ግዛት አርአያ እንድትሆን ታቀደች፤ መንገድ፣ ደመወዝተኛ ሹም፣ የተማሩ ወጣት ጸሐፊዎች ገቡባት። ከጣሊያን ወረራ በፊት የመንግሥት ትምህርት ቤት ከነበራቸው ጥቂት የክፍለ ሀገር ከተሞች አንዷም አሰበ ተፈሪ ሆነች።

የዚያ ዘመን ትምህርት ቤት ዋና ጉዳዩ ፊደልና የውጭ ቋንቋ ነበር። ሆኖም ወርቅነህ በመሩት የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው። ያን የመሰለ ነገር ወደ ጨርጨር ገና መድረስ ሲጀምር ጣሊያን ገባ። በ1928 ዓ.ም. የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከተማሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ አለቁ።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ሁሉም ነገር ከዜሮ ተጀመረ። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ዊንጌትን የብሪቲሽ ካውንስል ያስተዳድረው ነበር። በእንግሊዝ ልማድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሜዳ መውጣት ከትምህርቱ የማይለይ ነገር ነው። አዳሪ ተማሪ ከግቢው አይወጣም፤ ቀኑ በሙሉ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ ለስፖርት ጊዜ ማግኘት አያስቸግርም። ይህ ነጥብ ለኋላው ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። የአገራችን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የተቀረጸው ሰፊ ግቢና ሙሉ ቀን ባላቸው ትምህርት ቤቶች ነው፤ የተሰጠው ግን በእግሩ ከገጠር ቀበሌ ለሚመጣና ግማሽ ቀን ብቻ ለሚማር ልጅ ነው።

ሁለተኛው ተጽዕኖ ከስዊድን መጣ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ኦኒ ኒስካነን የክብር ዘበኛን ዕጩ መኮንኖች ሰውነት አሠለጠኑ፤ በትምህርት ሚኒስቴር በኩልም የትምህርት ቤቶችን ስፖርት አደራጁ። ስዊድናውያን በዚህ ሙያ ረጅም ታሪክ አላቸው። ፔር ሄንሪክ ሊንግ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1813 ስቶክሆልም ላይ የጂምናስቲክ ተቋም ከፍቶ፣ ሰው ተራ በተራ ተሰልፎ በአንድ ትእዛዝ ክንዱን፣ ወገቡን፣ እግሩን የሚያፍታታበትን ሥርዓት ቀምሮ ነበር። የሊንግ ዘዴ ለድሃ አገር የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንድ ፊሽካና አንድ መምህር ካለ መቶ ልጅ ያሠራል። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ከባንዲራ ሰልፍ ጀምሮ እስከ ስፖርት ክፍለ ጊዜ የተለመደው በረድፍ ቆሞ መንቀሳቀስ የዚህ ዓይነት ሥልጠና ዝምድና አለው።

በአሰበ ተፈሪ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ በዚያን ዘመን ዕድሉ ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበር። ሐረር መድኃኔ ዓለም ትምህርት ቤት፣ የሐረር መምህራን ማሠልጠኛ፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በሕንድ መኮንኖች የሚመራው የሐረር ጦር አካዳሚ ነበሩ። አካዳሚው ጎበዝ ብቻ ሳይሆን ጠንካራም ተማሪ ይፈልግ ስለነበር፣ ለምሥራቁ ወጣት የሰውነት ብቃት የኑሮ በር ሊከፍት እንደሚችል በዓይን ያሳየ የመጀመሪያው ተቋም ነው ማለት ይቻላል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ለጨርጨር ልጅ ይህ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በባቡር መሥመሩ ከሚኤሶ ወደ ምሥራቅ ሲወረድ ድሬዳዋ አለች፤ የድሬዳዋው ኮተን ደግሞ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደ፣ ለብሔራዊ ቡድኑም ተጫዋች ያበረከተ ቡድን ነው። የጨርቅ ኳስ በየመንደሩ ተሰፋ።

በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጡ። የመጀመሪያው ቡድን ከ270 በላይ ነበር፤ በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ከሁለት ዓመት በኋላም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአንድ ዓመት አገልግሎት ተጀምሮ፣ ከአዲስ አበባ የወጡ ወጣቶች በየአውራጃው ማስተማር ያዙ። ለስፖርት ትምህርት የእነዚህ ሰዎች ጥቅም ከቀለም ትምህርቱ ያልተናነሰ ነበር። ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ገና ወጣቶች ስለነበሩ ከደወል በኋላ ቱታ ለብሰው ከተማሪ ጋር ይጫወቱ ነበር፤ መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ በብዙ የአውራጃ ከተሞች ሥር የያዘው በዚህ መንገድ ነው። የንግሥ በዓሉ ጥቅምት 23 እና የድል በዓሉ ሚያዝያ 27 ሲደርሱ ደግሞ ተማሪው ነጭ ቁምጣና ሸራ ጫማ አድርጎ በሹማምንት ፊት የጂምናስቲክ ትርኢት ያሳያል። ለበዓል ተብሎ ሳምንታት ይለማመዳሉ፤ በዓሉ ሲያልፍ ልምምዱም ያልፋል።

በዚሁ ዘመን አንድ ነገር ተወሰነ፤ ማንም እንደ ትልቅ ውሳኔ አልቆጠረውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚሰጠው የመልቀቂያ ፈተና ሲዋቀር ሰውነት ማጎልመሻ አልገባበትም። ተማሪው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አማርኛ ይፈተናል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ያ ነው። ስፖርት በየክፍሉ ካርድ ላይ ውጤት ይሰጥበታል፣ አማካይ ውስጥ ይደመራል፤ አገር አቀፍ ፈተናው ላይ ግን የለም። በእኔ አስተያየት ከዚያ ወዲህ በዚህ ትምህርት ላይ የደረሰው ነገር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው። መምህር ሲጎድል የሚታጠፈው፣ ክፍል ሲጠብ ሜዳው የሚታረሰው ወይም የሚታነጽበት፣ ፈተና ሲቃረብ ለሌላ ትምህርት የሚሰጠው ክፍለ ጊዜ የቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የላይኞቹ ክፍሎች ባዶ ሆኑ። በየካቲትና በመጋቢት 1968 ዓ.ም. አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሄደ፤ በድሬዳዋ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ተጫወቱ፤ በመጨረሻም ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች። ከዚያ ዓመት ተኩል አልሞላም፤ ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ገባ። ጂጂጋ ተያዘች፣ ድሬዳዋ ተጠቃች፣ የባቡሩ መሥመር ተቆረጠ፤ በጨርጨር ቆላና ጋራም ሸማቂዎች ይንቀሳቀሱ ነበር። ጦርነቱ በ1970 ዓ.ም. እስኪያበቃ ድረስ የምሥራቁ ተማሪ ዋና ትምህርቱ ሕይወቱን ማትረፍ ሆነ።

ደርግ ስፖርትን ለብዙኃን አደርሳለሁ ብሎ ኮሚሽን አቋቋመ፤ የቀበሌና የወጣቶች ማኅበር ቡድኖች ተመሠረቱ። ኮተቤ የሚመረቁ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንም ወደ ክፍለ ሀገር መመደብ ቀጠሉ። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ክረምት ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲወስድ የየትምህርት ቤቱ የሩጫ ውድድር ሞቀ። ግን በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጎረምሳ ጠንካራ ሆኖ መታየቱን ቤተሰብ የሚፈራበት ጊዜ መጣ፤ የአገልግሎቱ ዕድሜ የሚጀምርበት 18 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች ላይ የሚገኝ ልጅ ዕድሜ ነውና። እዚህ ላይ ልጨምር የምፈልገው፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ያረፈደ ተማሪ በፑሽ አፕ፣ በእንቁራሪት ዝላይና በጉልበት በመሄድ ይቀጣ የነበረ መሆኑን ነው። የሰውነት እንቅስቃሴ ቅጣት ሆኖ ከተማሩት በኋላ በውዴታ መውደድ ይከብዳል፤ ይህ ልማድ ያደረሰው ጉዳት በቂ ትኩረት አላገኘም።

በኅዳር 1971 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፓሪስ ላይ ያጸደቀው ቻርተር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የማንኛውም ሰው መሠረታዊ መብት ነው ይላል። በ1977ቱ ረሃብ የተራቆተ የሐረርጌ ልጅ ግን መጀመሪያ የሚበላው ያስፈልገው ነበር። ረሃቡ አንድ ጊዜ መጥቶ የቀረም አይደለም፤ በ1995 እና በ2008 ዓ.ም. ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች መካከል ነበረች። በ2008ቱ ድርቅ ትምህርት ቤቶች የአስቸኳይ ጊዜ ምገባ ጀምረው ልጆቹን ክፍል ውስጥ ለማቆየት ሞከሩ። ባዶ ሆድ የመጣን ተማሪ ሩጥ ማለት አይቻልም፤ የሚያስተውል መምህር ጥላ ሥር አስቀምጦ ያስተምረዋል።

ወደ ኋላ እንመለስ፤ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና። ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ደራርቱ ከምዕራብ ሐረርጌ ጋር ድንበር ከሚጋራው ከአርሲ፣ ከበቆጂ ናት። በበቆጂ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ፤ ደራርቱን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት እርሳቸው ናቸው። በበቆጂ ከፍታ አለ፣ ብርድ አለ፣ ሜዳ አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን በዚያች ከተማ ሥራዬ ይህ ነው ብሎ ረጅም ዘመን የቆየ አንድ መምህር ነበር። በጨርጨርም ከፍታው አለ። የመምህራን ዝውውር ግን በፍጥነት ይካሄዳል፤ ሙያውን የተማረ ሰው ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዳል፣ ስፖርቱን ክፍለ ጊዜ የጎደለው የሌላ ትምህርት መምህር ይረከበዋል።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ወጣ። አሰበ ተፈሪ ጭሮ ተብላ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን መዲና ሆናለች፤ አንደኛ ደረጃ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ይሰጣል። በታችኞቹ ክፍሎች ሰውነት ማጎልመሻ ከሥዕልና ሙዚቃ ጋር ሥነ ውበት ውስጥ ገባ፤ ከአምስተኛ ክፍል በላይ ራሱን ቻለ፤ ዘጠነኛ ላይ ከጤና ጋር ተጣምሮ ተማሪው ኤችፒኢ የሚለው ሆነ። ክፍለ ጊዜው በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ ስምንት ዓመት በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ በድንገት ይሻገራል። ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ይከብደዋል። ስፖርት ሜዳ ላይ ሲሆን ይህን ችግር ያቀላል፤ መምህሩ ያሳያል፣ ልጁ ይደግማል፣ ቃሉ ከድርጊቱ ጋር ይገባዋል። ሜዳ ሲጠፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፦ የመረብ ኳስ ሜዳ 18 ሜትር በ9 ሜትር፣ የመረቡ ከፍታ ለወንድ 2.43፣ ለሴት 2.24። መረብ ነክቶ የማያውቅ ልጅ የመረቡን ከፍታ በሴንቲ ሜትር ያውቃል። ፈተና ላይ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ውጤት ይይዛል። ግዴታው በወረቀት ተፈጽሟል፤ ልጁ ግን ኳስ ማንሳት አልተማረም።

ለምን ሜዳ አይወጡም ብሎ መምህሩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደየወረዳው ወረዱ፤ መቻራ፣ ኩኒ፣ አሰቦት፣ ዶባ እንደየዐቅማቸው ከፈቱ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ አያቱ ሐረር ድረስ ሄዶ ያገኘውን ትምህርት የልጅ ልጁ በእግሩ ሄዶ ያገኘዋል። ግን ክፍል ከመለኪያው 40 በላይ ሞላ፤ በተዳፋቱ ላይ አዲስ ብሎክ ሲሠራ የሚበላው ያው ለጥ ያለው ቦታ ነው። በሚኤሶ ቆላ ደግሞ ሜዳ ሞልቷል፤ ጥላና ውኃ የለም፤ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ማሮጥ ለጤና ያሰጋል። ፈረቃው እነዚያን ልጆች ከሰዓት በኋላ ካዋላቸው መምህሩ ምርጫ የለውም።

የሴት ልጆችን ነገር በተለይ ማንሳት አለብኝ። በእነዚህ ከተሞች ብዙው ተማሪ ሙስሊም ነው። ሱሪ በቀሚስ ሥር ለብሳ፣ ሒጃብዋን አጥብቃ የምትሮጥ ልጅ ሩጫዋን የሚከለክላት ነገር የለም፤ የሚያስቸግራት ከመንገድ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ማጣትና የወር አበባ ሲመጣ መጸዳጃ ቤት ውኃ አለመኖሩ ነው። እነዚህ የግንባታ ጉዳዮች ናቸው፣ የሃይማኖት አይደሉም። በረመዳን ወር ደግሞ ልማዱ የታወቀ ነው፤ ከባዱን ልምምድ ትተው የንድፈ ሐሳቡን ክፍል ያስቀድማሉ፣ ከዒድ በኋላ ሜዳ ይወጣሉ። ይህን ያህል የተግባባ ማኅበረሰብ ስለ ልብስም ስለ አጥርም ተነጋግሮ መስማማት አያቅተውም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክርክር የገጠር ልጅ ስፖርት አያስፈልገውም የሚለው ነው። ጋራ ወጥቶ ወርዶ ይመጣል፣ ከትምህርት መልስ ጫት ይቀነጥሳል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ምን ጎደለው? ጥንካሬ አልጎደለውም። ሸክም ያጎበጠውን ወገብ ማቃናት፣ በሁለቱም እግር መዝለል፣ መሸነፍን ችሎ ተጨባብጦ መውጣት፣ ቁስልን ማከም ግን መንገድ በመሄድ ብቻ አይገኝም። የከተማው ልጅ ደግሞ ከባጃጅ ወርዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ይላል፤ በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት 81 በመቶዎቹ ይህን አያሟሉም። በሳምንት ሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ቢሰጥና ሁለቱም ሜዳ ላይ ቢውል 80 ደቂቃ ነው፤ የሚያስፈልገው 420 ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ ሲከፈቱም መጀመሪያ የተከለከለው መነካካት ያለበት ጨዋታ ነበር። ከዚያም ጥቅምት 2015 ዓ.ም. መጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደየዩኒቨርሲቲው ተጓጉዘው ተፈተኑ፤ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የአገሪቱ ወላጅ ሁሉ ደነገጠ። ትምህርት ቤቶች የማጠናከሪያ ክፍል ከፈቱ፣ ቅዳሜን ጨመሩ፣ ለፈተናው የማይጠቅም የሚመስለውን ሰዓት ፈለጉ፤ ስፖርት መጀመሪያ ተገኘ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥም ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ አለ፤ ፈተናው ላይ ግን አሁንም የለም።

በጭሮ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ኮሌጅ አሉ፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ብዙም አይርቁም። አገር አቀፍ ፈተናውን ዞኑ መቀየር አይችልም። በካርዱ ላይ ያለው ውጤት ግን የትምህርት ቤቱ ነው። ስፖርት ከመቶ ይታረማል፣ ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ እኩል ተደምሮ የተማሪውን አማካይና ደረጃ ይወስናል። ከዚያ መቶ ውስጥ ምን ያህሉ በወረቀት፣ ምን ያህሉ በሩጫ፣ በዝላይና በኳስ እንደሚሰጥ የሚስማሙት መምህሩ፣ የትምህርት ክፍሉና ርእሰ መምህሩ ናቸው፤ ስምምነቱም በየዓመቱ መስከረም ላይ ይደረጋል።